ባንዳ ያለኝ ሰው

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ አንድ ቡጢ ቀንሼ ነው የማወራው። ለጓደኞቼ፣ ለእህቴ፣ ለንስሐ አባቴ ሳይቀር የነገርኳቸው አንድ ቡጢ ብቻ ነው። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱንም ልጽፈው ነው።

ደምሴ እባላለሁ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎኛል፤ ሥራዬ ትራክ መንዳት ነው። ያደግኩት ኮልፌ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ሕግ ነበረው፤ ውጭ ተመትቶ የመጣ ልጅ ቤት ውስጥ ይደገማል። ተመትቼ ከገባሁ ቀበቶውን ይፈታል። መትቼ ከገባሁ ግን "ጎሽ" ብሎ ራሴን ይዳብሰኛል። የጎረቤት ልጅ ጥርስ በድንጋይ አውልቄ የመጣሁ ቀን ከአባቴ ጋር አንድ ትሪ ላይ በላሁ፤ ሰባት ዓመቴ ነበር። እንዲህ ያደገ ሰው ትዕግሥት ከየት ያመጣል? ባለቤቴ ጽጌ "አንተ ክብሪት ነህ" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው።

ልጃችን ረድኤት ያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ነበር። ዝምተኛ ናት። መካከለኛ ትምህርት ቤት ሦስቱንም ዓመት ምሳዋን ብቻዋን ነው የበላችው። ያን ክረምት ለሃይስኩሉ ማርሽ ባንድ ተመዘገበችና ትሮምቦን መንፋት ያዘች። እኔ ማርሽ ባንድ ሲባል የማውቀው በዓል ሲሆን በአደባባይ የሚያልፉትን ፖሊሶች ነው፤ ዝም ብለው የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሥራ አለው። እያንዳንዱ ልጅ ሜዳው ላይ የራሱ ነጥብ አለው፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ በእርምጃ ቆጥሮ፣ ሳያይ፣ እየነፋ መድረስ አለበት። አምስት ያርድ በስምንት እርምጃ፤ አይጨመር፣ አይቀነስ። ረድኤት ኮሪደራችን ላይ ወደ ፊት በተረከዟ፣ ወደ ኋላ በእግር ጣቷ እየሄደች ስትለማመድ ከታች ያለው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድብብን ነበር። ከተወለደች እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ትምህርት ከመከፈቱ በፊት በኦገስት ሙቀት ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጠዋት እስከ አመሻሽ ይሰለጥናሉ። ባንድ ካምፕ ይሉታል። ከበሮውንና ከባድ ከባዱን ዕቃ የሚያመላልስ፣ ትራክ መንዳት የሚችል ወላጅ እንደሚፈለግ ነግረዋቸው ኖሮ ቤት መጥታ "ዳድ፣ ስምህን ልስጥ?" አለችኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ነገር ውስጥ ጠርታኝ የማታውቅ ናት። ወዲያው ቦሴን ኮል አድርጌ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ።

ካምፑ ከመጀመሩ በፊት በነበረው እሁድ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ የአንድ ወዳጄ ልጅ ክርስትና ነበር። ሐበሻ ሲሰበሰብ እንደምታውቁት ሳህኑ ሳይነሳ ፖለቲካው ይነሳል። ስለ አገር ቤቱ ጦርነት ሰልፍ ትወጣለህ አትወጣም ተባለ። እኔ "በሁለቱም ወገን የሚያልቀው የድሃ ልጅ ነው፤ ለአንዱ ብቻ አልጮህም" አልኩ። ታደለ የሚባል፣ ድሮ ፓርኪንግ አብረን የሠራን ሰው፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጣቱን ወደ ዓይኔ ቀሰረና "አንተ ባንዳ" አለኝ።

ይቺን ቃል ለናንተ አላብራራም። ሌላ ስድብ አንተን ብቻ ይሰድባል፤ ይቺ ግን አያትህን ከመቃብር ጠርታ ነው የምትሰድብህ። ብርጭቆ ይዤ ተነሣሁ። አራት ሰው ያዘኝ። አንድ ሽማግሌ "ስለ ሕፃኑ ብለህ" ብለው ጉልበቴ ላይ ሊወድቁ ሲሉ አፈርኩና ሳልመታው ወጣሁ። በማግስቱ አንዱ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ገብቶ "የሲልቨር ስፕሪንጉ ባንዳ ሹፌር" እያለ ሲስቅብኝ ሰው ላከልኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም። ሐበሻ ባየሁ ቁጥር "ይሄም አይቶታል" እላለሁ። ጽጌ "ተወው፤ ስድብ አይገድልም" ብትለኝ እሷ ላይም ጮህኩባት።

ነገሩ የሆነው ሐሙስ ጠዋት ነው። ትራኩን የትምህርት ቤቱ ፓርኪንግ ዳር አቁሜ ከኋላ የብረት መረማመጃውን አወረድኩ። ሙቀቱ ገና ከጠዋቱ ያፍናል። ልጆቹ ሰፋፊ ባርኔጣ አድርገው፣ አፍንጫቸውን ሰንስክሪን ተቀብተው፣ የጋሎን ውሃቸውን ዳር ላይ ደርድረው በተሰመረው መስመር ላይ ቆመዋል። አስተማሪያቸው ቀጭን ረጅም ሴት ናት፤ መሰላል ላይ ወጥታ በማይክ ታዛቸዋለች። ከሥሯ አንድ ትልቅ ስፒከር አለ፤ እርምጃቸውን የሚቆጥርላቸው ድምፅ ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያለ ይወጣል። ረድኤት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። አይታኝ እንዳላየች ሆነች፤ በዚያ ዕድሜ እሱም ሰላምታ ነው።

አንድ ሰው ከአሮጌ ፒክአፕ ወርዶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ጠይም፣ ቀጠን ያለ፣ ፀጉሩ ከርደድ ያለ፣ ዓይኑ ጎላ ያለ፤ ቁርጥ ሐበሻ። ከወላጆቹ መሀል የኛን ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ስለነበር፣ በዚያ ሁሉ ንዴት መሀልም ቢሆን ደስ አለኝ። "እንዴት አደርክ፣ ወንድሜ?" አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ፣ ራሱን ነቅነቅ አደረገና ወደ ስልኩ ዞረ። ዘጋኝ። በዚህ አገር ሐበሻ ሐበሻን አይቶ ፊቱን ማዞሩ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ግን ስልኩን ሲያይ "ቪዲዮውን ነው የሚያየው" አልኩ በሆዴ፣ ደሜም ፈላ።

ትራኩ ውስጥ ገብቼ የከበሮ ሳጥኖቹን ብቻዬን እየጎተትኩ ማውረድ ጀመርኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ሠራሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለኛል። መሬት ወርጄ አንዱን ሳጥን ጎንበስ ብዬ ሳስተካክል ከኋላዬ ትከሻዬን አንድ እጅ ነካ አደረገኝ። ዞር ስል ያ ሰው ነው። ፈገግ ብሏል። በጣቱ መጀመሪያ ትራኩን፣ ቀጥሎ እኔን አሳየና "ባንዳ?" አለኝ።

ጆሮዬን አላመንኩትም። "ምን አልክ?" አልኩት፣ በአማርኛ።

ፈገግታው ሰፋ፤ ጣቱ አሁንም ወደ ደረቴ ነው። "ባንዳ? ባንዳ?"

መታሁት። አገጩ ላይ ነው ያረፈው፤ ጥርሱ ሲጋጭ ሰማሁ። ወደ ኋላ ተንገዳግዶ የትራኩን በር ያዘ እንጂ አልወደቀም። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙ ነጭ ቲሸርቱ ላይ ይወርድ ጀመር። ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ፊቱ ላይ አነሣና "ኖ፣ ሴኞር፣ ኖ፣ ኖ" አለኝ።

የምቀንሰው ከዚህ ጀምሮ ያለውን ነው። ለሰው ስናገር በአንዱ ቡጢ ወደቀ እላለሁ። አልወደቀም። ቆሞ ነበር፤ እጁንም አላነሣብኝም። ስፓኒሽ እየሰማሁ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ፤ "ሴኞር" የማን ቋንቋ እንደሆነ አይጠፋኝም። ጭንቅላቴ "ይሄ ሐበሻ አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው" አለኝ፤ ጥርት አድርጌ ሰምቼዋለሁ። እጄ ግን ተነሥታ ነበር፣ ልመልሳትም አልፈለግሁም። ታደለን ልምታ፣ ቲክቶኩን ልምታ፣ እኔንጃ። ደስ ብሎኝ ነበር ብል ትጠሉኝ ይሆናል፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለተኛውን ባለ በሌለ ኃይሌ ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፍኩት። እግሩ ከዳውና በጎኑ ሄደ። ሲወድቅ ጭንቅላቱ የመረማመጃውን የብረት ጠርዝ መታ።

ሙዚቃው ቆመ። ስፒከሩን ግን ማንም አላጠፋውም፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያለ ቀጠለ። ከጆሮው ደም ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ሲሄድ ቆሜ አያለሁ። ከልጆቹ መሀል አንዲት አጠር ያለች ልጅ ክላሪኔቷን ወርውራ "ፓፒ" እያለች እየጮኸች መጣች። ጉልበቷ ላይ ወድቃ ፊቱን ይዛ ትነቀንቀዋለች፤ አይመልስላትም። ቀና ብላ አየችኝና እጇ እስኪዝል ድረስ ጭኔን፣ ሆዴን፣ ያገኘችውን ትደበድበኝ ጀመር። አልተከላከልኩም። ከዚያ ሁለት አባቶች ከኋላ አንቀው አስፋልቱ ላይ በደረቴ ጣሉኝ። አንዱ ጉልበቱን ማጅራቴ ላይ አሳረፈ። የጋለው አስፋልት ጉንጬን ሲጠብሰኝ ማየት የምችለው በአንድ ዓይኔ ብቻ ነበር። በዚያ ዓይኔ ረድኤትን አየኋት። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ተበትነዋል። እሷ ነጥቧ ላይ ቆማለች፤ ትሮምቦኗን በሁለት እጇ ይዛ፣ አትነቃነቅም።

አምቡላንሱ ሰውየውን ይዞ ሲበር እኔን በካቴና ፖሊስ መኪና ውስጥ ከተቱኝ። ፖሊሷ ጥቁር ፀጉሯን ወደ ኋላ የጠቀለለች ሴት ናት። ምን አድርጎህ ነው አለችኝ።

"ባንዳ አለኝ።"

"ምን አለህ?"

"ባንዳ። ሦስት ጊዜ። ሰው ፊት ጣቱን ቀስሮ።"

እስክሪብቶዋን አቆመች። ትንሽ አየችኝና "ከየት ነህ?" አለችኝ፤ ነገርኳት። ቃሉ በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነም በቻልኩት እንግሊዝኛ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ስጨርስ እንዲህ አለች፤ "የኔም ወላጆች ቋንቋቸው ስፓኒሽ ነው። ባንዳ ማለት ባንድ ማለት ነው። የሙዚቃ ባንድ። ትራኩ የባንዱ ነው ወይ ብሎ ነው የጠየቀህ።"

በሩን ዘጋችው። መኪናው ሲንቀሳቀስ የፊት መቀመጫውን ፍርግርግ በግንባሬ እየመታሁ እንደነበር ያወቅሁት፣ አቁም ብላ ስትጮህብኝ ነው።

እስር ቤት አሻራዬን የወሰደው ሰውዬ ክሱን በወረቀት እያሳየኝ፣ ሰውየው ከሞተ ይሄ ይቀየራል አለኝ። በክፋት አይደለም፤ ሥራው ስለሆነ ነው የነገረኝ። ስልክ ሲፈቀድልኝ ጽጌን ኮል አደረግኳት። ስሙ ኤልመር እንደሚባል፣ ከኤል ሳልቫዶር እንደሆነ፣ ጣሪያ ሠሪ እንደሆነ የሰማሁት ከሷ ነው። ክላሪኔት የምትነፋዋ ልጁ ዳያና ትባላለች። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ኦፕሬሽን ገብቷል አለችኝ። ረድኤትስ አልኳት። "መኝታ ቤቷ ናት፤ ጫማዋን አላወለቀችም" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሃያ ስድስት ሰዓት ያህል እዚያ ቆየሁ። አብሮኝ የነበረው አንድ ወጣት በምን እንደገባሁ ጠየቀኝ። ሰው መትቼ አልኩት። ወደቀ ወይ አለኝ፤ አዎ ስለው ፈገግ ብሎ ሰላም ሊለኝ ቡጢውን ዘረጋልኝ። ያ ልጅ ያየኝ አባቴ ያየኝ በነበረው ዓይን ነው። ሽንት ቤቱ ላይ ተደፍቼ አስታወክሁ። ከዚያ ጸለይኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የጸለይኩት ለኤልመር አይደለም፣ ለራሴ ነው። "አትግደለው፤ ነፍሰ ገዳይ አታድርገኝ" ነው ያልኩት። ዳያና ፊቱን ይዛ ስትነቀንቀው ትዝ እያለችኝ ሲመጣ ነው ጸሎቱ ቀስ በቀስ ወደሱ የዞረው። በር በተከፈተ ቁጥር ሞቷል ሊሉኝ ነው ብዬ ግድግዳውን እይዛለሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገለጠ። ዳኛ ፊት ቀርቤ እስከ ቀጠሮዬ ሲለቁኝ በር ላይ ጽጌ ብቻዋን ቆማለች። "ነቅቷል" አለችኝ። መንገድ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። የመኪናውን ቁልፍ እያንቃጨለች ቆማ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ኤልመር ተረፈ፣ ግን እንደነበረ አልተረፈም። የግራ ጆሮው አይሰማም። ሚዛኑም ሄዷል፤ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ምድር ይዞርበታል። ጣሪያ ላይ መውጣት አይችልም። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነኝ አልኩ፤ ልካድ ብልስ እንዴት? ልጆቹ በስልካቸው ሁለቱንም ቡጢ ቀርጸውታል። ቅጣቴን ከመስማቴ በፊት ኤልመር እንዲናገር ተፈቀደለት። በዱላ እየተደገፈ ቆመ። አስተርጓሚው በቀኝ በኩል ቆሞለት ነበር፤ የሚሰማው በዚያ ስለሆነ። ረጅም ነገር አልተናገረም።

"ልጄ ናት የላከችኝ" አለ። "የረድኤት አባት ዕቃውን ብቻውን ነው የሚያወርደው፤ ሂድና አግዘው አለችኝ። ረድኤት ጓደኛዬ ናት፣ ምሳ አብረን ነው የምንበላው አለችኝ። እንግሊዝኛ ስለማልችል ትራኩ የባንዱ መሆኑን ብቻ ልጠይቀው ነበር።"

ዳኛዋ እስሩን በገደብ አድርጋ፣ ውጭ ሆኜ ለብዙ ዓመት ክትትል እንዲደረግብኝ ወሰነች፤ የንዴት ትምህርት እንድማር አዘዘች። ትምህርት ቤቱ ግቢ እንዳልደርስ፣ ከኤልመር ቤተሰብም እንዳልቀርብ ከለከለችኝ። ይቅርታ ልጠይቀው እንኳ ሕግ አይፈቅድልኝም። ፍርድ ቤት ውስጥ በአስተርጓሚ "ይቅርታ" ብዬዋለሁ። ሰማ፣ ራሱን አልነቀነቀም፣ ተቀመጠ። ልክ ነው።

አሁን የሚገርመኝን ላውራችሁ። ወሬው በሐበሻው መሀል ሲዳረስ ሰው ሁሉ አዘነልኝ፤ ያዘነው ግን ለኔ ነው። "አይዞህ፣ ሐበሻ መስሎህ ነዋ" ይሉኛል። "ባንዳ ሲልህ ምን ታድርግ?" ይሉኛል። ጨዋታ አዋቂው ደግሞ ነገሩን ቀልድ አድርጎ ያወራዋል፣ ሠርግ ላይ ሳይቀር ይሳቅበታል። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ አንድ ቡጢ እየቀነስኩ አወራሁ። ታደለ ራሱ ኮል አደረገኝ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው ያወራሁት። በኔ ጦስ ነው፣ ይቅር በለኝ አለኝ፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባልን። ሊዘጋ ሲል "ምናለ ያኔ እኔን መትተኸኝ ቢወጣልህ ኖሮ" አለ። ሁለታችንም ሳቅን።

ዞር ስል ረድኤት በር ላይ ቆማለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአንድ ቃል በላይ አውርታኝ አታውቅም። ባንዱን አልተወችም፤ ጽጌ ናት የምታመላልሳት። ዳያናም አልተወችም። ሁለቱ ሜዳው ላይ ጎን ለጎን የሚያልፉበት ቦታ አለ አሉ፤ ሳይተያዩ ያልፋሉ። ምሳ እንደ ድሮው ብቻዋን ነው።

"እሱን ብትመታው ኖሮ ኦኬ ነበር?" አለችኝ፣ በአማርኛ። ለኔ በአማርኛ መልሳልኝ አታውቅም።

"ሰድቦኝ ነበር እኮ፣ ልጄ።"

"አዎ፣ ግን ኦኬ ነበር?"

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ጠብቃኝ ጠብቃኝ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

አንባቢዎቼ፣ እናንተ ምን ትመልሱላት ነበር? እኔ ያን ዓመት ሙሉ የጸጸተኝ ቋንቋ መሳሳቴ ነበር። ትክክለኛውን ሰው ብመታ ኖሮ እንቅልፌን እተኛ ነበር። ያጽናኑኝም ሁሉ ያጽናኑኝ በዚሁ ነው። "ለምን ሰው ትመታለህ?" ያለኝ አንድ ሐበሻ የለም። እንዲያው ባንዳ ያለኝ ሐበሻ ቢሆን ኖሮ የሱም ልጅ ፊቱን ይዛ ትነቀንቀው የለም? የንዴት ትምህርቱን ጨርሻለሁ፤ አስተማሪው ከቁጣ በፊት እስከ አሥር ቁጠር ይላል። እኔ የማውቀው ጣጣ ግን ሌላ ነው። "ኖ፣ ሴኞር" ሲለኝ ቆጥሬአለሁ፤ ጊዜ ነበረኝ። ለመምታት ፈቃድ የሰጠሁት ለራሴ ገና ክርስትናው ቤት ነው፤ የቀረኝ ሰው መምረጥ ብቻ ነበር። ዛሬ ታደለ ቢሰድበኝ ተነሥቼ እወጣለሁ ብዬ ልምልላችሁ እችላለሁ። እጄን ግን አላምናትም፣ እናንተም አትመኗት።

ልጄን በሕይወቴ መትቻት አላውቅም፤ በጥፊም፣ በቁንጥጫም። ያባቴን ቀበቶ ቤቴ አላስገባም ብዬ ነው ያሳደግኳት። ባለፈው ሳምንት ኩሽና ቆማ ዳቦዋን ቅቤ ትቀባለች። ብርጭቆ ፈልጌ ገባሁና ከራሷ በላይ ያለውን ቁም ሳጥን ልከፍት እጄን አነሣሁ። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ሸፈነች። የቅቤ ማንኪያው መሬት ወደቀ። ትንሽ ቆይታ ቀና አለችና፣ ምን እንዳደረገች ገብቷት "ሶሪ ዳድ፣ ሶሪ" አለችኝ። ብርጭቆውን ሳላወርድ እጄን ቀስ ብዬ፣ እያየችው፣ ወደ ታች መለስኩ።